ጽዋው ካርቲየ 7 ቢስ ሲደርስ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ጽዋው እኔ ቤት ነበር። ጂቡቲ ውስጥ የሳምንቱ ሥራ የሚያበቃው ሐሙስ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ሥራ እንገባለን። ስለዚህ የማርያም ማኅበራችን እንደ አገር ቤት በ21 ሳይሆን ለ21 በሚቀርበው ሐሙስ ይሰበሰባል። ካርቲየ 7 ቢስ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ስምንት ሰው ተቀመጠ፤ ሦስታችን ካቶሊክ፣ አምስቱ ኦርቶዶክስ። አዲስ አበባ ብንሆን በአንድ ማኅበር ባልተገናኘን ነበር።

ማሰሮው ከድሬዳዋ በባቡር እስከ ናጋድ ጣቢያ የመጣ ሸክላ ነው። ውስጡ ግን ጠላ የለም፤ ብርዝ ነው።

ማር ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ፣ ሰፈፉን ገፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለልን ማንም ያውቀዋል። እዚህ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌና በነሐሴ ብርዝ ካደረ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ጌሾ ባይገባበትም ማርና ውሃ ብቻቸውን ይፈላሉ፤ ጠጅ ለመሆን የሰው ፈቃድ አይጠብቁም። እኔ መጠጥ ካቆምኩ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ይህን ነገር እንደ ቀላል አላየውም። ከሥራ ስመለስ 11 ሰዓት ላይ እበጠብጠዋለሁ፣ በረዶ እጨምርበታለሁ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ክዳኑን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። የሚንሿሿ ድምፅ ካለ እደፋዋለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜ ደፍቻለሁ፤ ያን ቀን ማኅበሩ የጠጣው ሻይ ነው።

እናቴ ቤት ማኅበር ሲደርስ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነበር። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል። እኛ ልጆች ጉሹን እንቀምሳለን። ጠላን መጀመሪያ የቀመስኩት እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በማርያም ስም፣ ከእናቴ እጅ። ማኅበርተኛው ሲገባ ደግሞ ልመናው ይቀጥላል። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን አንድ ድገም!» እምቢ ለማለት የሚያስችል ምክንያት ሦስት ብቻ ነው፦ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ጠበል ላይ ነኝ፣ ስእለት አለብኝ። «አልጠጣም» ብቻውን መልስ አይደለም። የሚለምነውም ሰው የሚለምነው ስለሚወድህ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

ወደ ጂቡቲ የመጣሁት ለአገራችን ጭነት የትራንዚት ሥራ ለመሥራት ነው። እዚህ የሚለምነኝ አልነበረም፣ ለመጠጣት ልመናም አላስፈለገኝም። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከአገራችን የሚመጣው ጫት ሲገባ ሰፈሩ አንዴ ይንጫጫል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። እኔም ከጓደኞቼ ጋር እቀመጥ ነበር። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ እንወጣለን። መሀል ከተማ ቡና ቤቱና ጭፈራ ቤቱ የተደረደረበት ጎዳና ስሙ ሩ ዴትዮፒ፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ነው። በአገሬ ስም በተጠራ መንገድ ላይ ስንት ሌሊት ግድግዳ ተደግፌ እንደቆምኩ ማስታወስ ያሳፍረኛል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሙስሊም እናት ናቸው፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የተናገረኝ የልጅ ልጃቸው ነው፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ሌሊት የቆርቆሮውን በር ስታገል ሰምቶ በሶማልኛ ወደ ውስጥ ጮኸ፦ «ሰኽራን!» አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ቃሉ የእኛው ቃል ነው፤ ሰከረ፣ ሰካራም፣ ስካር። ልጁ ሊሰድበኝ አልነበረም፣ በር ላይ ማን እንዳለ ለአያቱ መናገሩ ነበር። ስሜ እሱ ነበር ማለት ነው።

በነጋታው አልተውኩም። ያ ቃል ግን ከእኔ ጋር ቆየ፣ ከወራት በኋላም መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። በመልካሙ እረኛ እመቤታችን ካቴድራል እሑድ ማታ ከሥራ በኋላ በፈረንሳይኛ ቅዳሴ እሳተፍ ነበር፤ እየጠጣሁም ቢሆን አልቀረሁም። አንድ የማውቃቸው አባት የቅዱስ አጎስጢኖስን «ኑዛዜ» አዋሱኝ። አጎስጢኖስ ከዛሬ 1600 ዓመት በፊት የጻፈው ነው፤ የተወለደውም እዚሁ አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር ነው። ዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ ስለ እናቱ ስለ ቅድስት ሞኒካ የሚናገረው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሞኒካ ልጅ ሳለች ወይን ከጋን እንድትቀዳ ትላክ ነበር። መጀመሪያ በከንፈሯ ጫፍ ቀመሰች፣ ቀስ በቀስ ሙሉ ጽዋ መጨለጥ ለመደች። አንድ ቀን አብራት የምትሄደው አገልጋይ ተጣልታት ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ሞኒካ በዚያች ቃል ተወችው። አጎስጢኖስ እግዚአብሔር በክፉ አፍ የወጣን ቃል መድኃኒት ማድረጉን ያደንቃል። እኔ የሰማሁት ቃል ክፋት እንኳ አልነበረበትም።

በዚያው በ«ኑዛዜ»፣ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ፣ ደግሞ ዝክር አለ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ሞኒካ እንደ አፍሪካ ልማድ ገንፎ፣ ዳቦና ወይን በቅርጫት ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር ትሄድ ነበር። የእሷ ድርሻ በውሃ የቀጠነ አንዲት ትንሽ ጽዋ ነበረች፣ ከመቃብር መቃብር ይዛት ትዞራለች። ሚላኖ ስትደርስ በረኛው ከለከላት፤ ጳጳሱ ቅዱስ አምብሮስዮስ የሰካራሞች ሰበብ እንዳይሆን፣ ከአረማውያን ልማድም ጋር እንዳይመሳሰል ብሎ አስቀርቶታል። ሞኒካ አልተከራከረችም። ቅርጫቱን አስቀምጣ በጸሎትና ለድሆች በመስጠት ተካችው። እናቴ ይህን ብታነብ የምታውቃት ሴት እንደሆነች ወዲያው ትናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማነበው ሁሉ ወደ ጽዋው ይመልሰኛል። የግሬሃም ግሪን «ኃይልና ክብር» እ.ኤ.አ. በ1940 የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በምትሳደድበት የሜክሲኮ ክፍል የሚሸሸግ ጠጪ ቄስ ታሪክ። ቄሱ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን በስንት ልመና በድብቅ ይገዛል። የሸጡለት ሰዎች ደግሞ ተቀምጠው፣ እንዲጋብዛቸው አድርገው፣ ዓይኑ እያየ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጠጡታል። እሱ እምቢ ማለት አይችልም፣ ቄስነቱ ይታወቅበታላ። ያለቅሳል። ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት ገና ባቆምኩ በሁለተኛው ወር ነው። አገር ቤት ያየሁት ልመና ሁሉ ፊቴ ላይ ቆመ። ሰው በግብዣ መሀል ብቻውን እንዴት እንደሚቀር ከዚህ የተሻለ የጻፈ አላነበብኩም።

ማት ታልቦትንም እወደዋለሁ። የደብሊን የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ለመጠጥ ብሎ የአንድ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ቫዮሊን እስከ መስረቅ የደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1884፣ በ28 ዓመቱ አቆመ፣ በ1925 እስኪሞት አልቀመሰም። ንባብ እምብዛም የማያውቅ ሰው መንፈሳዊ መጻሕፍትን እየታገለ ማንበብ ያዘ። ሰውነቱን ከመጠጥ ቤቱ ሲያርቅ እጁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ለእኔም መጽሐፍ እንደዚያው ነው።

በ2017 ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እዚያ በእኛ፣ ሁልጊዜ ሁለት ፋሲካ ነው ያለኝ፤ ያን ዓመት ግን ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን ዋሉ። በ21 የእናቴ ማኅበር ነበር። ሙሴው ጽዋውን አንስተው ከባረኩ በኋላ ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» አልኩ። ዋሸሁ። በማርያም ማኅበር መሀል ዋሸሁ። እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ጓዳ ገብታ በብርሌ ብርዝ ይዛ መጣች። ሲያዩት ከጠጅ የሚለየው የለም፤ ማንም እንዳያውቅብኝ ብላ ነው። እጇ ላይ ያለውን ብርሌ አይቼ ማልቀስ አማረኝ። ፍቅሯ ገባኝ፣ መደበቁ ግን ከበደኝ። ማታ እቃ ስናጥብ እውነቱን ነገርኳት። «ታዲያ ብርዝ አይሻልም ነበር ለሁሉም?» አለች፤ ከዚያ ዝም አለች፣ የጋኑን የወይራ ጢስ የምታስብ መሰለኝ።

ካርቲየ 7 ቢስ ማንም እንድደብቅ አይጠይቀኝም። ይህን ግን ከአገር ቤት ይሻላል ብዬ አልጽፍም። እዚህ ማንም የማይጠይቀኝ ማንም ስለማያውቀኝ ጭምር ነው። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሳምንት ቢሰክር በሩን የሚያንኳኳ ላይኖር ይችላል፤ የእናቴ ማኅበርተኞች ግን ከጠላው ጋር ሰውየውንም ይጠይቁ ነበር። የሚናፍቀኝ ልመናው ነው። በሞቴ የሚለኝ፣ እጄን ይዞ የሚያስቀምጠኝ ሰው።

ስለዚህ ማኅበራችን ውስጥ ልመናውን አላስቀረነውም። ባለፈው ሐሙስ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ከኦርቶዶክሶቹ አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ማሰሮውን ያዘች። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሰው ቤት የሚሠራ ነው፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ። አፍሮ ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነ። «አፈር ስሆን!» አለችው፣ «ቀዝቃዛ ነው፣ ድገም!» ደገመ። የግቢው ባለቤት እናትም በልጅ ልጃቸው እጅ ሳምቡሳ ልከውልን ነበር፤ ልጁ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ብርዝ ሰጠሁት። ቀምሶ በስሜ ጠርቶ አመሰገነኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተረኛዋ ማሰሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሣች። ቤቷ ባልባላ ስለሆነ ታክሲ እስክታገኝ ሸኘናት። ከውስጡ የቀረውን ብርዝ በር ላይ አፍስሼዋለሁ፣ እንዳያድር።