ሮጦ የማይቆም ልጅና ካሜራው



የወታደር ቤት ፎቶግራፍ ለግድግዳ ጌጥነት ብቻ የሚነሣ አይደለም። አባት በግዳጅ ላይ ሳለ ልጅ ጥርስ ያበቅላል፤ ይድኻል፤ ቆሞ ይሄዳል፤ ከዚያም ይሮጣል። ይህን ሁሉ አባት የሚያየው እናት አንሥታ በላከችለት ወረቀት ላይ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ከምድቡ ቦታ በጻፈልኝ ደብዳቤ፣ «ልጆቹ ተሰልፈው ሲቆሙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔን የናፈቀኝ ሩጫቸው ነው» አለኝ። ተንቀሳቃሽ ስልኬ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው አሳምሮ ያነሣል። ትንሹ ልጃችን ግን አይጠብቅም፤ ኳስ ይዞ ሲበር ከስልኬ የማገኘው እግርና ፊቱ የተምታታ ጥላ ነው። ስለዚህ የእቁቡ ዕጣ በደረሰኝ ጊዜ ካሜራ ለመግዛት ቆረጥሁ።

መቁረጡ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ምርጫው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንደምታውቁት ሆኗል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከአንድ የወታደር ቤት ሁለት ጊዜ አይወጣም። ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ ካሜራ ይዞ የማያውቀውም ሰው ሳይቀር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ሆነ፦ ባለመስተዋቱን ዲኤስኤልአር ነው ወይስ መስተዋት አልባውን ሚረርለስ?

ልዩነቱን ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ በሱዳን በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ጋርጉር ይኖራሉ። ኡም ጋርጉር እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራውያን ስደተኞች የተመሠረተ ሰፈራ ነው። በልጅነታቸው የገቡት ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። አጎቴ በሰፈራው ፎቶግራፍ በማንሣት ይተዳደራሉ። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለዘመድ ሠርግ በመተማና በገላባት ተሻግሬ፣ በዶካ በኩል ገዳሪፍ ገብቼ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ተሳፍሬ በሄድሁ ጊዜ ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጊዜው የማሽላና የሰሊጥ መከር ወቅት ነበር። ከሰዓት በኋላ የሰፈራው ልጆች በደረቁ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ አቧራው ከጉልበታቸው በላይ ይነሣል። አጎቴ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አሮጌ ዲኤስኤልአር ካሜራቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው ይጠብቃሉ። ከኳሱ ጋር አይሯሯጡም። ልጁ የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድመው መርጠው፣ የሌንሱን ጥራት እዚያ መሬት ላይ አስተካክለው፣ ልጁ ሲደርስ ብቻ ይጫናሉ።

«ጋሼ፣ ካሜራው እንዴት ይቀድመዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ካሜራው አይቀድመውም ልጄ፤ እኔ እቀድመዋለሁ» አሉኝ።

በዚያ ሰፈራ ፎቶግራፍ ተራ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከአገራቸው ሲወጡ ይዘውት የወጡት ፎቶ የመታወቂያ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ብቻ ነበር። አጎቴ የገዛ እናታቸው ሌላ ምስል የላቸውም። ስለዚህ የአንድ ሕፃን የመጀመሪያ ሩጫ በወረቀት ላይ ሲወጣ አንዱ ቅጂ ለካርቱም፣ አንዱ ለጅዳ፣ አንዱ ለአውሮፓ ዘመድ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ተቆርጧል። እኔና አጎቴ የምንነጋገረው መስመር በተገኘ ቀን በስልክ ብቻ ነው። የካሜራውን ትምህርት የጨረስሁትም እንዲሁ ቁርጥራጭ በሆነ ወሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተጀርባ አንድ ትንሽ መስተዋት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን በዚህ መስተዋት ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና በመመልከቻው በኩል ወደ ዓይናችን ይደርሳል፤ የምናየው ራሱን ብርሃኑን ነው። ስንጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት መመልከቻው ይጨልማል። አጎቴ እየሳቁ፣ «ያየሁትን አላነሣሁትም፤ ያነሣሁትን አላየሁትም» ይላሉ፤ እውነትም ነው። መስተዋት አልባው ካሜራ ግን ብርሃኑን በቀጥታ ለሴንሰሩ ይሰጣል፤ እኛ የምናየው በትንሽ ስክሪን የተሣለ ምስል ነው። በመልካሞቹ ካሜራዎች ስክሪኑ እንደ ውኃ ይፈስሳል። በርካሾቹ ግን በተከታታይ ሲያነሡ ያለፈውን ምስል ያሳያሉ፤ ሩጫ የያዘን ልጅ በዚያ መከተል ያዳግታል።

ስለ ዘመኑም ጥቂት ልናገር። ፓናሶኒክ የመጀመሪያውን ሌንሱ የሚቀየር መስተዋት አልባ ካሜራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ካኖንና ኒኮን በ2018 ትልልቆቹን መስተዋት አልባዎች ካወጡ በኋላ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል፤ ከ2020 ወዲህ ሁለቱም አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ይህ ማለት አሮጌው ዓይነት ሞቷል ማለት አይደለም። እንዲያውም ለእኛ ለኪስ ደካሞች ያገለገለ ዲኤስኤልአርና ሌንሱ በተሻለ ዋጋ ይገኛል።

አሁን ወደ ሩጫው እንምጣ። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በፊታችን ሲያቋርጥ፣ መዝጊያው ለሰከንድ 1/60 ያህል ከተከፈተ ልጁ በዚያች ጊዜ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፊቱ የሚጠፋው በዚህ ነው። በ1/500 ከሆነ የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በ1/1000 ደግሞ የዚያ ግማሽ። ይህ ስሌት መስተዋት ላለውም ለሌለውም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያነሡት ሰዎች በእጃቸው ጥራት የሚያስተካክሉበት የፊልም ካሜራ ነበራቸው፤ ውድድሩም ሲመሽ በችቦ ብርሃን የተሮጠ ነበር። ያም ሆኖ ሩጫው ዛሬም በፎቶ ይታያል። ይህን የምለው ሻጭ ሁሉ ያለ አዲሱ ካሜራ ሩጫ አይነሣም ስለሚል ነው።

ቢሆንም የአዲሱን ጸጋ መካድ አይገባም። በአብዛኛው ዲኤስኤልአር ጥራት የሚይዙት ነጥቦች መካከሉ ላይ የተሰበሰቡ ስለሆኑ ልጁን በመካከል ይዞ መከተል ግድ ነው። መስተዋት አልባው በሴንሰሩ ላይ በሞላ ጎደል ከዳር እስከ ዳር ይይዛል፤ የዘመኑዎቹማ የልጁን ዓይን ፈልገው ያገኙና ልጁ ወዲህም ወዲያም ሲል ይከተሉታል። ይህ ለባለሙያ ምቾት ነው። በአንድ እጇ ሕፃን ታቅፋ በሌላው ለምታነሣ እናት ግን ፎቶ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ጸጋ ብዙ ሰው የማይናገረው ነው። በገዳሪፍም ሆነ በመተማ ቆላ ፀሐዩ ብርቱ፣ መሬቱ ነጣ ያለ፣ ልብሱ ነጭ ጀላቢያ፣ ፊታችን ደግሞ ጠይም ነው። ካሜራ ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ልብሱ ያምራል፣ ፊቱ ይጠቁራል። መስተዋት አልባው ይህን ከመጫናችን በፊት በስክሪኑ ያሳየናል። በዲኤስኤልአር ግን አስቀድሞ ማወቅና የብርሃን ማካካሻውን ወደ +1 ማድረግ ያስፈልጋል። አጎቴ ይህን ሳያስቡ ያደርጉታል፤ ጣታቸው ለምዶታል።

ታዲያ እሳቸው ለምን አሮጌውን አይለውጡም? ጠይቄአቸዋለሁ፤ መልሳቸውም የሰፈራውን ኑሮ የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ነው። ካኖን 90ዲ የተባለው ዲኤስኤልአር በመመልከቻው ሲያነሣ በአንድ ባትሪ 1300 ያህል ፎቶ እንደሚያነሣ ተመዝኗል፤ በዚያው በ2019 የወጣው መስተዋት አልባ ሶኒ ኤ6400 ደግሞ በመመልከቻው 360 ያህል። ስክሪን ሲበራ ባትሪ ይበላልና። ባትሪ ለመሙላት ፀሐይ ወይም የጎረቤት ጄኔሬተር ለሚጠብቅ ሰው ይህ ሙሉ የሠርግ ቀን ማለት ነው። ሁለተኛው አቧራ ነው። በዲኤስኤልአር ሌንስ ሲፈታ መስተዋቱና የተዘጋው መዝጊያ ሴንሰሩን ይሸፍኑታል፤ በብዙዎቹ መስተዋት አልባዎች ግን ሴንሰሩ ራቁቱን ይቀራል። ሐቡብ በሚነፍስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀትም አለ፤ የካሜራ መመሪያ መጽሐፍ በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሠሩበት ያዝዛል፤ ገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት ይህን ታልፋለች። አጎቴ ካሜራቸውን በእርጥብ ፎጣ ሳይሆን በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በጥላ ያኖሩታል።

እኔ በመጨረሻ የመረጥሁት ግን ያገለገለ መስተዋት አልባ ነው። አጎቴ ቅር አላላቸውም፤ «አንቺ ሠርግ አታነሺም» አሉኝ። በቤቴ መብራት ይጠፋል እንጂ ጨርሶ አይታጣም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ ገዛሁ። የአቧራውን ነገር ደግሞ ሌንስ ባለመፍታት ተገላገልሁት፤ ከ18 እስከ 135 የሚደርስ አንድ ሌንስ ተገጥሞ ይኖራል፣ ደጅም ጓዳም ይበቃል። ገንዘቡ የማይደርስ እኅት ካለች ግን ያለ ሐሳብ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ትግዛ፤ ተጨማሪ ብር ካላት ከአካሉ ይልቅ ለሌንሱ ታውጣው። ስትገዛ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ታስቆጥር። መካከለኛ ዲኤስኤልአሮች ከ100 እስከ 200 ሺህ ጊዜ እንዲሠሩ ተብለው የተፈተኑ ናቸው፤ 150 ሺህ የቆጠረውን ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል አትመኑት።

አንድ ነገር ለሠፈራችን ሰዎች በተለይ ልጨምር። ልጅ ሲሮጥ ጀርባው ምን እንዳለ እናት አታይም። የጥበቃ ማማ፣ ተሽከርካሪ፣ የክፍሉ ምልክት ከልጁ ጀርባ እንዳይገባ አስቀድሞ ማየት የቤተሰብም ግዴታ ነው። ከስልክ ጋር የሚገናኙ ካሜራዎች ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በፎቶው ውስጥ ሊጽፉ ስለሚችሉ ያንን ማጥፋት ይገባል። ከሜዳው ዳር ሆኜ ጀርባዬን ለካምፑ፣ ካሜራዬን ለባሕር ዛፎቹ መስጠት ልማዴ ሆኗል።

ለወረቀት ደግሞ ብዙ ሜጋፒክስል አያስፈልግም። በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት በጥራት ለማሳተም 2 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ይበቃል፤ የትኛውም ያገለገለ ካሜራ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በደረት ኪስ የሚገባውም ይኸው መጠን ነው። ከጀርባው የልጁን ስም፣ ዕድሜና ቀኑን ለስለስ ባለ እርሳስ እጽፋለሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በላብ ሲርስ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋልና።