የጃንሆይ ቤት፣ የተማሪ አፍ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መታጠቢያ ቤት ለሕዝብ ይታያል። ትኬት የቆረጠ ሁሉ መኝታ ክፍላቸውን አይቶ፣ አልጋቸውን አይቶ፣ ገንዳቸውንም ቃኝቶ ይወጣል። እንኳን መኝታ ክፍሉ ሊዘልቅ፣ የውጪው በር ላይ ለመቆም ስንት መኳንንት ደጅ የጠናበት ቤት ነው። ዛሬ ከክፍለ ሀገር የመጣ ፍሬሽ፣ ገና የዶርሙን ቁልፍ እንደተረከበ፣ «የጃንሆይን ሻወር አየሁት» ብሎ ለእናቱ ይደውላል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከሌሎቹ የሚለየው ዕድሜው ወይም ስፋቱ አይመስለኝም። የሰው ቤት መሆኑ ነው የሚለየው። ባለቤቱ በሕይወት እያሉ፣ በገዛ እጃቸው ለቀው የሰጡት ቤት። በስጦታ ቤት የሚያድግ ልጅ ደግሞ ወይ አፉን ዘግቶ ያመሰግናል፣ ወይ አፉን ከፍቶ ይጠይቃል። ስድስት ኪሎ የትኛውን እንደመረጠ ለማንም አልተሰወረም።

ነገሩ የተጀመረው ግን አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች 33 ናቸው፤ ሦስት ሚኒባስ ታክሲ እንኳ አይሞሉም። ኮሌጁን ያቋቋሙትና በፕሬዚዳንትነት የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበሩ። እዚህ ላይ ታሪክ ፈገግ ያሰኛል። ኢየሱሳውያን በዚህ አገር የተዉት ስም የሚያኮራ አልነበረም። አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክነት አግባብተው፣ አገሩ እርስ በርሱ ከተላለቀ በኋላ፣ በልጃቸው በአፄ ፋሲለደስ ተጠራርገው የወጡ ናቸው። ሦስት መቶ ዓመት አለፈና ጃንሆይ ጠርተው ያገሩን ልጆች አስረከቧቸው። ግን የዋዛ አይደሉም፤ የቄስ ልብሳችሁን አውልቁ፣ ሃይማኖታችሁን አትስበኩ ብለው ነው። እነ ማትም እንደ ማንኛውም አስተማሪ ኮትና ሱሪ ለብሰው አስተማሩ።

የስድስት ኪሎው ቤት ስሙ ገነተ ልዑል ነው። ስሙ ገነት ይሁን እንጂ በግቢው የሆነው ሁሉ የገነት አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት አድላለሁ ብሎ ሕዝቡን እዚህ ሰብስቦ ሳለ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። ከተማው ግን አልተረፈም። ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባ ሰው በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ፤ ከግቢው በር ወጣ ብሎ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የእነሱ ነው። ጣልያኖች ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደየትም የማያደርስ ጠምዛዛ ደረጃ ሠርተው ሄደዋል። እያንዳንዱ እርከን፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አንድ የፋሺስት ዓመት ይቆጥራል ይባላል። ነጻነት ሲመለስ አልፈረሰም። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። የጠላትን ጉራ ከማፍረስ ይልቅ መቀመጫ ያደረገ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጅ በነሳሁት።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ክብር ዘበኛን ይዘው ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ነገሩ ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ታግተው በነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተተኮሰ። ራስ ስዩም መንገሻ እዚያው ወደቁ፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ አምስት ዓመት በዱር ጣልያን ያልገደላቸው አርበኛ፣ እዚያው ወደቁ። ዓመት ሲሞላው፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ያው ቤት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። ጃንሆይ ለምን ሰጡት? አንዱ ለትምህርት ከነበራቸው ፍቅር ነው ይላል። ሌላው ደም የፈሰሰበት ቤት እንቅልፍ ስለነሳቸው ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ቢሆን አይገርመኝም፤ ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ቤቱን አይለቅም። ገርሞኝ የማያባራው ሌላ ነው፤ ቤቱን የተረከቡት፣ ከዓመት በፊት «ይውረዱ» ላለው ወገን በአደባባይ የዘመሩት ተማሪዎችና ታናናሾቻቸው መሆናቸው።

የዩኒቨርሲቲ ወግ ሲባል ብዙ ሰው ጋውን፣ ቆብና የምረቃ ፎቶግራፍ ይታየዋል። እነዚህ በየትኛውም አገር አሉ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያፈራው ወግ አንድ ነበር፤ እሱም ኮሌጅ ዴይ ነው። በዓመት አንድ ቀን ስፖርቱ፣ ጨዋታው፣ ድግሱ ይደረግና ግጥም ይነበባል፤ ጃንሆይም ከመኳንንቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ይሰማሉ። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ባለሥልጣንን በሰም ሸፍኖ ይወጋል፤ ሰሚው ቢናደድም ሰሙን እንጂ ወርቁን መክሰስ አይችልም። የኮሌጅ ዴይ ልጆች ግን እያደር ሰሙን ጣሉት። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን አነበበ፤ ርዕሱ ብቻ ለሰሚው ይበቃዋል። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ። ገሞራው በኋላ ቻይና ተምሮ፣ አገሩ ሳይመለስ፣ በስዊድን በስደት አረፈ።

አስቡት እስቲ። ያን ጊዜ በዚህ አገር ከንጉሥ ፊት ቀና ብሎ ማየት እንኳ ነውር ነው። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በንጉሡ ወጪ የሚበላና የሚተኛ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ የድሃውን ብሶት በደሃው አፍ ሲያወርድ፣ ንጉሡ ደግሞ ቁጭ ብለው ሲሰሙ። ዘላቂ አልሆነም። ግጥሙ እየመረረ ሲሄድ በቤተ መንግሥቱና በተማሪው መካከል የነበረው ነገር ሻከረ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም አዳሪነቱ ተሠርዞ ተማሪው በየሰፈሩ ቤት ተከራየ። ያ ደግሞ ባሰ። ግቢ ውስጥ ተዘግቶ ስለ ድህነት ይገጥም የነበረው ልጅ ከድሃ ጋር በአንድ ጓሮ መኖር ጀመረ።

የጃንሆይ ስጦታ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ የሄደው አንድ፣ የተመለሰው ሌላ። በ1950 ዓ.ም. ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካ የመጡት ተማሪዎች ከእኛዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እራት ሲበሉ፣ በአገራቸው ስለሚደረገው የነጻነት ትግል አወሩላቸው፤ «እናንተስ?» ማለታቸው አይቀርም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ ወደ ፓርላማ ወጣ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ለመመረቅ አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ግዴታ አደረገ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ በየአውራጃው አስተማሪ ያልነበረው ትምህርት ቤት አስተማሪ አገኘበት። ነገር ግን ስለ ጭሰኛ በመፈክር ብቻ የሚያውቀው ልጅ ጭሰኛውን በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። በአሜሪካ ገንዘብ የተሠራው፣ ተማሪው በአጭሩ «ኬኔዲ» የሚለው ቤተ መጻሕፍትም «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» የሚሉትን ሲያስጠና ከረመ።

እዚህ ላይ ሁሉንም በእልልታ የምቀበል እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲቀርብ ተማሪዎች የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ወደ ትርዒቱ በሚገቡት ሴቶች ላይ ተተፋ፣ እንቁላል ተወረወረ። ስለ ጭቁን ሕዝብ የሚዘምር ወንድ የእህቱን ቀሚስ ርዝመት ሲለካ ማየት ያሳፍራል። የእንቅስቃሴው ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ገልብጠው ያልፉታል። ማለፍ የለባቸውም ነበር። በኋላ በአብዮቱ ውስጥ ያየነው፣ ሌላውን በአለባበሱና በንግግሩ የመፈረጅ አባዜ፣ እዚያ አዳራሽ በር ላይ ጥርሱን ማብቀል ጀምሮ ነበር።

ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በተማሪዎች መጽሔት ላይ ወጣ። አገሩ ዛሬም ስለዚያ ጽሑፍ ሲጣላ ይውላል፤ ጥቂት ገጽ ወረቀት ይህን ያህል ዕድሜ ማግኘቱ ይገርማል። በወሩ፣ ታኅሣሥ 19፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ግቢ ውስጥ ከበው በቆሙት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ። የንጉሥ ስጦታ የሆነው ግቢ በንጉሥ ጥይት ታጠበ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፣ አብዛኛው አንባቢ የኖረበት ነውና። ደርግ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪውን ለዘመቻ ገጠር ላከው፤ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የ«መሬት ለአራሹ» መፈክር ሕግ ሆነ። መፈክሩን የጮኹት ግን ብዙዎቹ በቀይ ሽብር አለቁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት የነበሩት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያምም ደርግ ካስገደላቸው መካከል ናቸው። የዩኒቨርሲቲውም ስም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኢሕአዴግ ሲመጣ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ታላቁ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪው ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ ከተማ ሙሉ ለቅሶ ሆነ። በምንም የማይስማሙ ሦስት መንግሥታት በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ፤ የስድስት ኪሎ ልጅ አፍ ያስፈራል።

ግቢው ግን ፖለቲካ ብቻ አይደለም። ቸካዩ ኬኔዲ ይገባል፣ ቦታ ያጣው ኦሲአር ሕንፃ ውስጥ ባዶ ክፍል ፈልጎ ያነባል፣ ፍቅር የያዘው ኪሲንግ ፑል ዳር ይቀመጣል፤ ማንም ሲሳሳም አይታይም፣ ስሙ ግን ጸንቷል። የካፌው ወጥ በየትውልዱ ይታማል። ከአጥሩ ማዶ አንበሳ ግቢ ስለነበር ለፈተና ያመሸ ተማሪ የአንበሳ ግሳት እየሰማ አጥንቷል፤ እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ስንት ይሆን? ደብዳቤ ጻፊውም፣ ሚኒስትሩም፣ ዛሬ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳውም በዚህ ግቢ አንድ የራሱ ዛፍ አለው።

በ2015 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ዩኒቨርሲቲው በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተማሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል፣ ክፍያም ይጠይቃል። መልካም ነው። ግን ስለ ራስ ገዝነት የሚደረገው ወሬ ሁሉ ስለ በጀትና ስለ ክፍያ ሆኖ ሳየው ቅር ይለኛል። ሂሳቡን ራሱ የሚሠራ፣ ነገር ግን ከባለሥልጣን ፊት አንድ ግጥም ማንበብ የማይደፍር ዩኒቨርሲቲ በእኔ መዝገብ ራስ ገዝ አይደለም። የ1953ቱ ልጆች በጀት አልነበራቸውም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰሚ ግን ነበራቸው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰማን ሳይሆን፣ ወንበሩን አምጥቶ የሚቀመጥ ሰሚ።

የንጉሡ ገንዳ ክፍል ከነዕቃው ተጠብቆ ስለሚታይ ደስ ይለኛል፤ ይጠበቅ። ለኮሌጅ ዴይም አንድ ክፍል ይገባዋል፤ ግጥሞቹ በገጣሚዎቹ እጅ ጽሑፍ፣ በስቴንስል ተባዝተው በየኪሱ የዞሩት ወረቀቶች፣ የማኅበሩ መጽሔቶች፣ የዘመቻ ፎቶግራፎች የሚታዩበት። ብዙው በቀይ ሽብር ዘመን በእናቶች እጅ ምድጃ ውስጥ ገብቷል፤ ልጅ ከሚሞት ወረቀት ይቃጠል ብለው ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል። ያልተቃጠለ ግን አለ፤ አዲስ አበባ በየሣጥኑ፣ ዋሽንግተን በየምድር ቤቱ፣ ስቶክሆልም በየመጽሐፍ መደርደሪያው። ባለቤቶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። አባቶቼና እናቶቼ፣ እነዚያን ወረቀቶች ልጆቻችሁ ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ከመጣላቸው በፊት፣ አውጧቸውና ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስጡልን።