በበዲቱና በዲሜ መካከል

ልጅ ሳለሁ፣ አርሲ ውስጥ፣ አጎቴ ድንች ሲቆፍር ከአፈሩ ጋር እንቁራሪት ወጣች። ዶማውን አስቀምጦ አፈሩን በእጁ መልሶ አለበሳት። «ቤቷ ነው፣ ተያት» አለኝ። ውሃ በሌለበት ማሳ ውስጥ እንቁራሪት ምን ትሠራለች? ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር አደገ።

በኢትዮጵያ ደጋ፣ በትውልዷ ከዛፍ እንቁራሪቶች ወገን የሆነች፣ ዛፍ ግን የማትወጣ እንቁራሪት እንዳለች ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖሩት ዘመዶቿ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚጨብጡበት የጣታቸው ጫፍ ሰፋ ያለ ክብ ነው። የእሷ ጣት ግን ቀጭን ነው፤ ኑሮዋ ሳር ውስጥና ከአፈር በታች ስለሆነ የሚጨበጥ ቅርንጫፍ የላትም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ ሳይቀር ትኖራለች። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውሃው ውስጥ ሳይሆን በዳርቻው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ነው። ከዚያ የሚፈለፈሉት ባለ ጭራ ልጆች ወደ ውሃው ይገባሉ። ይህን ሳነብ የአጎቴ እጅ ታየኝ።

ሳይንሳዊ ስሟ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን ከሳር ጋር የተያያዘ ነው። ስሙን በ1898 እ.ኤ.አ. ያወጣላት በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ አልበርት ቡሎንዤ ነው። እንቁራሪቶቹን የሰበሰበው የጣሊያናዊው ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ ነበር። ቦቴጎ በ1897 እ.ኤ.አ. ወለጋ ላይ ተገደለ፤ እንስሳቱ ግን ጄኖቫ ከሚገኘው ሙዚየም ደረሱ። ከየት እንደመጡ የሚናገረው መግለጫ የሚለው «በበዲቱና በዲሜ መካከል» ብቻ ነው።

እስቲ ይህን መንገድ አስቡት። በዲቱ የኮሬዎች አገር ነው፣ አማሮ። ዲሜ ደግሞ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ ነው። በመካከላቸው ሐይቅ አለ፣ የጋሞ ተራሮች አሉ፣ ሞቃት ቆላ አለ። በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ ነው። እንቁራሪቷ የተያዘችው የትኛው ጨፌ ላይ ነው? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ? በየትኛው ሌሊት? ይህ ሁሉ በመግለጫው ውስጥ የለም።

ክፍተቱ ዋጋ አስከፈለ። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅም በስተምዕራብም ባሉ ደጋዎች የተገኙት ሁሉ በዚያው ስም ይጠሩ ነበር። የአገራችንን እንቁራሪቶች በትጋት ያጠናው ማልኮም ላርገን እንኳ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር እንደ አንድ ዝርያ ነው የቆጠራቸው። አልፈርድበትም፤ ለዓይን በጣም ይመሳሰላሉ። ዘረመላቸው ሲመረመር ግን እርስ በርስ እጅግ የተራራቁ ሆነው ተገኙ። ደጋ የለመደች ትንሽ እንስሳ የስምጥ ሸለቆን ሙቀት በቀላሉ አታቋርጥም፤ እያንዳንዱ ተራራ የራሱን ለብቻው አሳድጓል።

ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ የ1898ቱ ስም የማን ነው? ተመራማሪዋ ሳንድራ ጉትና ባልደረቦቿ በሙዚየም ማሰሮ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩትን የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች አወጡ፤ አካላቸውን ለኩ፣ ከእነሱም የተገኘውን ዘረመል በቅርብ ዓመታት ከተሰበሰቡት ጋር አስተያዩ። በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የቆዩ ስሞች እንደገና ባለቤታቸውን አገኙ፣ ሦስት አዳዲስ ዝርያዎችም ተገለጹ። አንዲት ስትባል የኖረችው ስድስት ሆነች።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሚኖሩበት ጨፌ በየዓመቱ እየታረሰ መሆኑ ነው። ለመላው ደጋ የሚበቃ አንድ ዝርያ አለ ብለን ስናስብ፣ የአንድ ሜዳ መታረስ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ ተራራ ላይ ብቻ ለምትኖር እንቁራሪት ግን ያ ሜዳ ምናልባት የአገሯ እኩሌታ ነው።

የልጅነቴ እንቁራሪት ከስድስቱ አንዷ ትሁን አትሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ቀን የጻፈ አልነበረም፣ ፎቶም የለም። አምና ክረምት ወደዚያው ተመልሼ ከማሳው በታች ባለው ረግረግ ዳር በምሽት ቆምኩ። ከሳሩ ሥር አጭር፣ ደረቅ ድምፅ መጣ፤ ስጠጋ ዝም አለ፣ ስርቅ ቀጠለ። በስልኬ ቀዳሁት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን ጻፍኩ። ቦታ ከሚለው ፊት የማሳውን ስም፣ አጎቴ ሲጠራው እንደነበረው፣ አሰፈርኩ፤ ከውሃው እስከ ድንቹ መደብ ያለውንም በእርምጃ ቆጥሬ ጨመርኩበት።