የሐርላ ማንጎ ሰባት ቤት

ሐርላ ላይ ዘር ሳይቆጥር የሚውል ሰው ብርቅ ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጥንታዊ ከተማ ማን እንደሠራት ጠይቁ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አርጎባው ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። የድንጋዮቹን ትልቅነት ያየ ደግሞ «ግዙፎች ናቸው» ብሎ ይገላገላል። የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመሩት ቁፋሮ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎልና ጨሌ አወጣ። የሟቾቹም አጽም ሲለካ ቁመታቸው እንደ እኛው ሆነ። ገበያው እንጂ ሰዉ ግዙፍ አልነበረም።

እኔ ስለ ሰዉ አልከራከርም፤ የምቆጥረው የማንጎውን ዘር ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ የሐርላ ገበሬ የማንጎ ችግኝ ሲያዳቅል አጠገቡ ቆሜ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለውን ያገር ማንጎ ችግኝ አናቱን ቆረጠና መሐሉን በቢላ ሰነጠቀው። ከላይ የሚቀጠለውን ቅርንጫፍ ቅጠሎች አስቀድሞ ከአሥር ቀን ግድም በፊት ገንጥሎለታል፤ የቀሩትን የቅጠል እግሮች በጣቱ ነካ ሲያደርጋቸው ረገፉ። «ደርሷል» አለና ጫፉን እንደ ሽብልቅ ጠርቦ ስንጥቁ ውስጥ ሰካው፤ በላስቲክም ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው። ሌላውን ቅርንጫፍ ግን ወረወረው። ጫፉ ላይ መዳብ የመሰለ ለጋ ቅጠል ወጥቶበታል።

«ይሄስ ምን ሆነ?»

«ዘግይቷል። ቅጠል ያወጣ ውሃ ይጠይቅሃል፤ ሥሩ ደግሞ ገና አልተዋወቀውም።»

የፖም ገበሬ ቢሆን ይህን ያህል አይጨነቅም። ፖም ሲዳቀል ሥሩ ነቅቶ ቅርንጫፉ ተኝቶ መገናኘት አለባቸው፤ በብርድ ወራት የተቆረጠ ቅርንጫፍ እርጥበቱ ተጠብቆ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ፣ ወቅቱ ቢያልፍም ይይዛል። እንቅልፉን የሚያገኘው ግን ከብርድ ነው፤ ብዙዎቹ የፖም ዓይነቶች ከ7 ዲግሪ በታች በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይፈልጋሉ። ሚስዮናውያን ፖሙን ይዘው ወደ ጨንቻ ደጋ የወጡት ወደው አይደለም። በእኛ አገር ሙቀት እንኳን ፖም፣ ሰውም አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ማንጎው ደግሞ አንዴ ቢያመልጥህ፣ ያ ለጋ ሲጠነክርና ጫፉ ዳግም ሊያቆጠቁጥ ሲያብጥ ሌላ ዕድል ይሰጥሃል።

ወደ ዘር ቆጠራው እንመለስ። ያ የተቀጠለው ቅርንጫፍ ቶሚ አትኪንስ የሚባለው ነው፤ ቆዳው ጠንካራ፣ መንገድ የሚችል ማንጎ። ቶሚ በፍሎሪዳ ሃደን ከሚባል ማንጎ ዘር በቀለ። የሃደንን ዘር ኮኮነት ግሮቭ በተባለ ቦታ የተከለው ጡረተኛው ካፒቴን ሃደን ነው፤ ዓመቱ 1902 እ.ኤ.አ.፣ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰበት። ካፒቴኑ ሳይቀምሰው ሞተ፤ በ1910 ፍሬ ያየችው ዛፉን ስትንከባከብ የኖረችው ባለቤቱ ፍሎረንስ ናት። ሃደን ማንጎም የሙልጎባ ልጅ ነው፤ ሙልጎባ ደግሞ በ1889 ከሕንድ ተጭኖ ፍሎሪዳ የገባ። እንግዲህ ጨሌው በቀጥታ የመጣበትን ጉዞ ማንጎው በአሜሪካ በኩል ዞሮ፣ ሰባት ስምንት መቶ ዓመት ዘግይቶ ጨረሰው ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ዛፍ የማን ነው? ሥሩ ያገር ልጅ ነው፤ አፈሩንና ድርቁን የለመደው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ቶሚ አንድ በጋ አይሻገርም። ብቻውን ቢተው ግን የሚሰጠን ጭረቱ ጥርስ ውስጥ የሚሰካ ማንጎ ነው። ገበያ የሚወጣው ፍሬ ከእንግዳው ነው። ገበሬውን «የየትኛው ነው ትላለህ?» ብለው ሳቀብኝ፤ «ያጠጣሁት እኔ!» አለ።

ሐርላን ለየራሳቸው የሚቆጥሩ ወዳጆቼ ሁሉም ስለ ሥር ነው የሚያወሩት። ከተማዋ በዘመኗ ያን ያህል ያፈራችው ግን ከባሕር ማዶ የመጣውን ተቀብላ ስለቀጠለች ነው። የዘር ሐረግ ሲቆጠር የተቀጠለው ቢዘለል፣ ከሰባቱ ቤት ስንቱ እንደሚቀር እነሱው ይንገሩኝ።