እናቴ አፏን ሸፍና የምትስቀው ለምንድን ነው?

እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ድሮ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ለካ የወለቁ ጥርሶቿን እየደበቀች ኖሯል! ገና 52 ዓመቷ ነው እኮ። ስትጠየቅ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ትላለች።

እናላችሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት እኔም ጥርሴን ስቦርሽ ደም ተፋሁ። በ27 ዓመት ምን ዓይነት እርጅና ነው? እንዳይደማ ብዬ የደማውን ቦታ መቦረሽ ተውኩ። ጭራሽ ባሰበት። ይህም አልበቃ ብሎ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፣ አፍሽ ይሸታል» አለችኝ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! በነጋታው ግን ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሟ ገና እንዳየችኝ «መቦረሽ ተውሽ አይደል?» አለችኝ። ለካ ጥፋቱ የብሩሹ አይደለም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታ ባክቴሪያ ይከማቻል፤ ሰውነት እሱን ሲዋጋ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ይሄ ነው ብግነት የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ጥናት 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቁመው ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ድዳቸው ተቆጥቷል። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ ዳነ።

«ታዲያ የእናቴስ እርጅና አይደለም?» አልኳት።

«እርጅናም አለበት» አለችና ስለ ሴል ታስረዳኝ ጀመር። ሴል ዝም ብሎ ሲባዛ አይኖርም፤ ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ያረጀው ሴል ታዲያ ወዲያው አይሞትም። ቁጭ ብሎ እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ ብግነት ቀስቃሽ ነገሮችን ይረጫል። ሥራ ፈትቶ ሰፈር የሚያምስ ሰው በሉት! ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያሉት ሴሎች ይበዛሉ፤ ድድም አይቀርለትም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በላቦራቶሪ እንደታየው የባክቴሪያው መርዝና ብግነቱ ራሳቸው የድድን ሴል ያለ ዕድሜው ሊያስረጁት ይችላሉ። የእናቴ ድድ አርጅቶ ብቻ አልታመመም፤ ታሞም አርጅቶ ይሆናል። ብግነቱ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ከበላ ደግሞ አጥንቱ እንደነበረ አይመለስም።

እኔ ጥርሴን አሳጥቤ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየቦረሽኩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ ቆመ። እማዬን እየጎተትኩ ወሰድኳት። ድዷ የተነቀሰ ስለሆነ መቅላቱን ማናችንም አላየንለትም ነበር። ሁለቱ አልተረፉም፤ የቀሩት ግን ዳኑ።

እናንተም በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ የድዱን ጠርዝና የጥርሱን መሃል አትርሱ። የምታጨሱ ደግሞ «እኔን አይደማኝም» ብላችሁ አትኩራሩ፤ ሲጋራ ደሙን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን ያባብሰዋል። ስኳር ያለበት ሰውም በእጥፍ ይጠንቀቅ። ያረጀ ሴልን ከድድ የሚያጠራው መድኃኒት ገና በምርምር ላይ ነውና እሱን አትጠብቁ።

እማዬ ዛሬም ስትስቅ ነጠላዋን ታነሳለች። «አሁን ደግሞ ምን ትደብቂያለሽ?» ስላት «ልማድ ነው ልጄ» ትለኛለች።