ነጩ ተራራና ነፍስ አዳኞቹ

ሻሞኒ በፈረንሳይ አገር፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ከበላይዋ ሞን ብላን የሚባለው ተራራ ቆሟል። ትርጉሙ ነጭ ተራራ ማለት ነው። ቁመቱ ከ4,800 ሜትር በላይ ነው። የእኛ ራስ ዳሸን የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። በስሜን ደጋ ግን ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያሰማራል። የሞን ብላን አናት ክረምት ከበጋ በረዶ ነው። የሚዘራም የሚታጨድም የለበትም። ታዲያ ሰው ምን ሊያደርግ ይወጣበታል?

ድሮ የሻሞኒ ሰዎች ወደ ተራራው የሚወጡት አውሬ ለማደንና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ለመልቀም ነበር። በ1786 በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ደረሱ። አንዱ ድንጋይ ለቃሚው ዣክ ባልማ፣ ሁለተኛው የመንደሩ ሐኪም ሚሼል ፓካር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለ ገንዘብ መንገደኞች ከየአገሩ ይመጡ ጀመር። የአገሬው ሰው ደግሞ በደመወዝ መንገድ መሪ ሆነ።

በ1820 ሐሜል የሚባል ከሩሲያ የመጣ ተመራማሪ ሊወጣ ተነሣ። አየሩ ተበላሽቶ ነበር። መሪዎቹ ጉዞውን አልወደዱትም፤ እሱ ግን “እንሂድ” ብሎ ገፋፋቸው ይባላል። ሄዱ። መንገድ ላይ በረዶ ተናደ። ሦስት መሪዎች በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ተቀበሩ። ሐሜል ተረፈ። የበረዶ ግግር እንደ ወንዝ ወደ ታች ይሄዳል፤ አካሄዱ ግን በጣም ቀስ ያለ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ያ በረዶ የሟቾቹን አጽምና ልብስ ከ40 ዓመት በኋላ ታች ግርጌው ላይ አወጣው።

በ1821 መሪዎቹ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራውን በተራ ተከፋፈሉት። ለተጎዳ መሪና ለሟች ቤተሰብ የሚሆን ገንዘብም አዋጡ። እድር ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ወደ 1956 እንለፍ። በፈረንጆች ገና ሰሞን ቫንሰንዶንና አንሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሞን ብላንን ሊወጡ ሄዱ። ነፋስና ውርጭ ያዛቸው። እጅና እግራቸው በብርድ ደረቀ። የሻሞኒ ሕዝብ ከታች ሆኖ በመነጽር ያያቸው ነበር። ግን ማን ይሂድ? መሪዎቹ፣ “በዚህ ብርድ መውጣት ሌላ ሰው ማስጨረስ ነው” አሉ። ስመ ጥሩው ተራራ ወጪ ሊዮኔል ቴሬ ግን ቆሞ ማየት አልሆነለትም። ጓደኞቹን ይዞ በእግር ተነሣ። የጦር ሠራዊቱም ሄሊኮፕተር ላከ። ሄሊኮፕተሩ ከወጣቶቹ አጠገብ ወደቀ። አራት ሰዎች ነበሩበት። አዳኞቹም በተራቸው አዳኝ ፈለጉ! በኋላ ሌሎች ሄሊኮፕተሮች መጥተው አዳኞቹን አወረዱ። ሁለቱ ወጣቶች ግን በተሰበረው ሄሊኮፕተር ውስጥ ቀርተው ሞቱ።

ይህ ሐዘን አገሩን አስተማረው። በ1958 በሻሞኒ ለተራራ ነፍስ አድን ሥራ የተለየ የጄንዳርም ክፍል ተቋቋመ። ጄንዳርም እንደ ፖሊስ የሚሠራ ወታደር ነው። ዛሬ ተራራ ላይ የተጎዳ ሰው ሲጣራ እነዚህ ሰዎች ከሐኪም ጋር በሄሊኮፕተር ይደርሱለታል። ተራራ ወጪውን ገንዘብ አያስከፍሉትም።

በዚህ ላይ ክርክር አለ። በ2022 በጋው እጅግ ሞቀ፤ ከተራራው ድንጋይ ይናድ ነበር። አትውጡ ቢባሉም የሚወጡ ነበሩ። በሞን ብላን ግርጌ የምትገኘው የሳን ዤርቬ ከንቲባ ተቆጡ። “የሚወጣ ሰው አስቀድሞ 15,000 ዩሮ ያስይዝ” የሚል ሐሳብ አቀረቡ። 10,000ው ለነፍስ አድን፣ 5,000ው ለቀብር ነበር።

ሌሎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ። ዕዳ የፈራ ሰው ቶሎ አይጣራም። ሲጨልምና ሲብስበት ይጣራል። ያን ጊዜ አደጋው ለአዳኙም ይከፋል።

እኛ ምን እንላለን? ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ ጎበዙ ገመድ ይዞ ይሮጣል። “ጥፋቱ የማን ነው?” ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ሰውየው ይወጣል፤ ምክሩና ቁጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ገንዘብ ያለውም የሌለውም ሲጣራ ሊደረስለት ይገባል እንላለን።

ነገር ግን “ነፍሴ የራሴ ናት” ማለት ብቻውን አይበቃም። ወደ አደጋ የሚገባ ሰው ሊያወጣው የሚመጣውንም ሰው ነፍስ ይዞ ይገባል። ያም ሰው እናት አለው፤ ልጆች አሉት። ስለዚህ ተመለስ ሲባል መመለስ ፍርሃት አይደለም። መሪውም ደመወዙ ሳይቀርበት “ዛሬ አይሆንም” ማለት መቻል አለበት። አዳኙም “ይህን አልችለውም” ቢል ፈሪ ሊባል አይገባውም። የሐሜል መሪዎች እንዲህ ለማለት ቢችሉ ኖሮ ሦስቱ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር።

እስቲ እንወያይ

1. ሐሜልና መሪዎቹ እኩል ለአደጋ ተጋልጠው ነበርን? መወሰን የቻለውስ ማን ነበር?
2. በ1956 እናንተ ሻሞኒ ብትሆኑ ከመሪዎቹ ጋር ትቆሙ ነበር ወይስ ከቴሬ ጋር ትወጡ ነበር?
3. በመንደራችሁ ወንዝ ሲሞላ “አትሻገር” የሚል ማን ነው? ይሰማልን?