የትኛው ዓርብ?

እንግሊዝኛ ሀብታም ቋንቋ ነው፤ ቀን ሲቀጥር ግን ያስቸግራል። ረቡዕ ዕለት «ኔክስት ፍራይደይ» ያለ ሰው ከነገ ወዲያ ያለውን ዓርብ ይሁን የሚቀጥለውን ሳምንት፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባለቤቶቹም አይስማሙበትም። አንዱ ለቅርቡ «ዚስ»፣ ለሩቁ «ኔክስት» ይላል፤ ሌላው «ኔክስት» ማለት ቀድሞ የሚደርሰው ነው ባይ ነው።

ነገሩ የቋንቋ ሰዎች የሻይ ሰዓት ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት! ኮምቦልቻ ላይ ግን እንጀራ ያሳጣል። ከተማዋ ድሮም የፋብሪካ አገር ናት፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ እንግሊዝኛውም አብሮ በዛ።

ደሴ ያለች አንዲት ጎረቤቴ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጅቱ ኮምቦልቻ ወርዳ አንድ ድርጅት ውስጥ ለቅጥር ተፈትናለች። ረቡዕ ዕለት የውጭ አገር ሰው የሆነው ኃላፊ «ኔክስት ፍራይደይ መጥተሽ ፈርሚ» አላት። እሷም ትምህርት ቤት እንደተማረችው፣ በሳምንቱ ዓርብ በማለዳ ሐረጎን ወረደች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

«ጋሼ፣ ሲያስተምሩ የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱ የማን ነው?» አለች እናት። ሥነ ጽሑፍ ማስተማሬ የእንግሊዝኛ ዳኛ ያደረገኝ መስሏት።

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አልኳት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ለልጅቱ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም።

«ታዲያ ከነገ ወዲያ ነይ አይላትም ነበር?»

እኛስ «የፊታችን ዓርብ» አለን፤ ሌሊቱንም «ለዓርብ አጥቢያ» ብለን ለይተናል። «የዛሬ ስምንት» ስንል ዛሬንም ጨምረን ስለምንቆጥር የምንመጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ «ሳምንት» ራሱ የስምንት ዘመድ ነው። እንግዳ ግራ ይጋባ ይሆናል። ግን ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ «የዛሬ ስምንት እከፍልሃለሁ» የተባለ ነጋዴ ማክሰኞ ቢመጣ ማንን ያገኛል?

እኔን የሚከነክነኝ፣ ይህ ሁሉ እያለን የቢሮ ማስታወቂያው «በቀጣዩ ዓርብ» ማለቱ ነው። ብዥታው እንዳለ ተተርጉሞ መጣ። ቁጥሩም ብቻውን አያድንም፤ የኛ መስከረም 1 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው፤ ሁለት ሰዓትም ለኛ ጠዋት፣ ለሰውዬው ከምሳ በኋላ ነው።

ልጅቱን «ሌላ ጊዜ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጠይቀሽ አጽፊ» አልኳት።

«ሥራ ልለምን ሄጄ እንዴት አለቃውን መልሼ እጠይቃለሁ ጋሼ?» አለችኝ።